ሦስት ሜትር ክር፦ በኦሳካ ጎዳናዎች ጥሩ ብስክሌት መለየት

ብስክሌት ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በአንድ እጁ ብድግ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ያያል። ክብደትና ዋጋ ግን ስለ ሠሪው እጅ የሚነግሩን ጥቂት ነው። የሠሪው እጅ የሚታወቀው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው፤ ቱቦና ቱቦ በሚጋጠሙበት፣ ብሎን በሚገባበት፣ ካቴና በሚያልፍበት። ይህን ለመማር ከኦሳካ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከተማዋ በአብዛኛው ሜዳ ናት፤ መንገዷ በትራፊክ መብራት የተቆራረጠ ስለሆነ መቆምና መነሣት የቀን ሥራችሁ ይሆናል። በደቡብ በኩል ደግሞ ያማቶ ወንዝን ስትሻገሩ ሳካይ አለች፤ ብዙ የብስክሌት ዕቃ የተወለደባት ከተማ። እንግዲህ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንውረድ፤ እያንዳንዱን ዕቃ መንገዱ ራሱ በሚፈትንበት ቦታ እንመልከተው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከኡሜዳ እስከ ናምባ የሚወርደው ሚዶሱጂ በ1937 ተሠርቶ ያለቀ፣ 44 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጊንኮ ዛፍ የተተከለበት አውራ ጎዳና ነው። ከ1970 ጀምሮ መኪናው ወደ ደቡብ ብቻ ይፈስበታል። ብስክሌት በጃፓን ሕግ ተሽከርካሪ ስለሆነ የሚነዳው በግራ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ላይ መውጣት የሚቻለው ምልክት በሚፈቅድበት ቦታ ወይም ለሕፃናትና ለአረጋውያን ነው። የቆመ መኪና በር ይከፈታል፣ ታክሲ ጠርዝ ይይዛል፣ መብራት ቢጫ ይሆናል። እዚህ የሚፈተነው ፍሬን ነው። የቀኝ እጃችሁ የፊቱን ጎማ እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ልብ በሉ፤ የጃፓን ልማድ ይህ ነው። ጥሩ ፍሬን ሲጨበጥ መጀመሪያ ትንሽ ልል ነው፤ ላስቲኩ ቸርኬውን ከነካ በኋላ ግን ጣት ድንጋይ የጨበጠ ያህል ይሰማዋል። ደካማው ከነካም በኋላ እንደ ሊጥ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ያ መስመጥ ወይ ክንዱ እየተጣመመ፣ ወይ የገመዱ ሽፋን እየተጨመቀ መሆኑን ይናገራል። ስትለቁት ሁለቱ ላስቲኮች እኩል ይመለሱ። አንዱ ተመልሶ ሌላው ቸርኬውን እየላሰ ከቀረ፣ ሱቁ ለማስተካከል አምስት ደቂቃ ነፍጓል ማለት ነው፤ ሌላውንም እንዲሁ እንደተወው ገምቱ።

መብራት ላይ አጠገባችሁ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ማማቻሪ ነው፤ የእናት ብስክሌት እንደ ማለት። ፊቱ ቅርጫት፣ ኋላው የልጅ መቀመጫ፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ። አዋቂ ነኝ የሚል ገዢ አይቶ ያልፈዋል፤ እኔ አላልፈውም። ልጅ ተቀምጦበት፣ ቅርጫቱ ሩዝና ጎመን ተሞልቶ፣ ሰፊው መቆሚያ ሳይነቃነቅ ይይዘዋል። ካቴናው በሽፋን ተዘግቶ ስለሚኖር የሰኔ ዝናብ አይደርስበትም፤ ቀሚስም አይበላም። በውድድር ብስክሌት ላይ እንዲህ ለባለቤቱ ኑሮ የታሰበ ሥራ እምብዛም አይገኝም። በኤሌክትሪክ የሚታገዘው ዓይነትም ቢሆን የጃፓን ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውን ያማሃ በ1993 ለገበያ አውጥቶታል። ልጅ የሚያመላልስ ሰው እሱን ይግዛ።

ከናምባ ወደ ምሥራቅ ስትታጠፉ ኡዌማቺ የሚባለው ከፍታ ይመጣል። ቴኖጂ አጠገብ ወደዚያ የሚያወጡት ሰባት ዳገቶች በከተማዋ ስመ ጥር ናቸው። በእባብ ስም የሚጠራው ኩቺናዋ ደረጃ ስለሆነ ለብስክሌት አይሆንም። ከከተማዋ ጋር በድምፅ የሚገጥም ስም ያለው የኦሳካ ዳገት ግን አስፋልት ነው፤ በ593 ወደ ተመሠረተው የሺቴኖጂ ቤተ መቅደስ ያደርሳችኋል። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ማርሽ ይፈትናል። እግራችሁን ትንሽ አላልታችሁ ለውጡ። ጥሩ ካምቢዮ አንድ ጊዜ ቀጭ ይልና ካቴናው አዲሱ ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ደካማው ሁለት ሦስት ጊዜ እያንገራገረ ዳገቱን ያስጨርሳችኋል።

የዚያ ቀጭታ ታሪክ መነገር ይገባዋል። በ1964 ዕቃውን ሳንቱር በሚል ስም የሚሸጠው የኦሳካው ኩባንያ ማኤዳ አንድ ነገር አስተዋለ። የኋላ ጥርሶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተዳፋት ሠርተው ይደረደራሉ፤ ካቴናውን የሚገፋው ክንድ ግን ያን ተዳፋት አይከተልም ነበር። ማኤዳ ክንዱ በሰያፍ እንዲሄድ አደረገ፤ ስለዚህ ክንዱ ከየጥርሱ ያለው ርቀት ሳይለወጥ ቀረ። የባለቤትነት መብቱ ዘመን ሲያልቅ የሳካዩ ኩባንያ ሺማኖ ይህን ሐሳብ ወስዶ፣ በ1984 ዱራ ኤስ በተባለው ዕቃው ላይ በየደረጃው ቀጭ ከሚለው መለወጫ ጋር አገናኘው። ዛሬ ካምቢዮ ብታገላብጡ አብዛኛውን ጊዜ የማኤዳን ሰያፍ ክንድ ታያላችሁ። ማኤዳ ግን በብስክሌት ዕቃ ገበያ አልቆየም። ብስክሌት በመረጥሁ ቁጥር ይህ ያሳዝነኛል፤ የአሮጌ ሳንቱር ዕቃ ሳገኝም ሳልነካው አላልፍም።

ከቴኖጂ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ናጋይ ፓርክ አለ። ስለ ብስክሌት የምትለው ነገር ባይኖራትም ይህችን ቦታ ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ አያልፋትም። በ2007 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና እዚህ ስታዲየም ውስጥ ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ ስለሺ ስኅን ተከትሎት ገባ። ጥሩነሽ ዲባባ በዚሁ ርቀት መሐል ላይ ተደነቃቅፋ ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ ተመልሳ ደርሳ ወርቁን ወሰደች፤ መሠረት ደፋርም የ5,000ውን ጨመረችበት። በሩ አጠገብ ወርጄ ውኃ እጠጣለሁ፤ ከዚያ ጎማዬን በአውራ ጣቴ ተጭኜ እቀጥላለሁ።

ያማቶ ወንዝ የዛሬውን መንገዱን የያዘው በሰው እጅ ተቆፍሮለት በ1704 ነው። ማዶው ሳካይ ነው። ሳካይ በቢላዋ ትታወቃለች፤ ቀድሞ ደግሞ በጠመንጃ ትታወቅ ነበር። ብስክሌት ጃፓን ሲገባ ጠጋኝ ያስፈልገው ነበር፤ ብረት ማሞቅ፣ መሞረድና ማገጣጠም የሚያውቅ እጅ ደግሞ እዚህ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ሺማኖ በ1921 እዚህ ሲቋቋም መጀመሪያ የሠራው ፔዳል ሲቆም የኋላው ጎማ ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገውን ባለጥርስ ዕቃ ነበር። የብስክሌት ሙዚየሙም እዚሁ ነው፤ ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል።

ቴላዮ መምረጥን የተማርሁት ሳካይ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ሠራተኛ ነው። ቋንቋችን ስላልተገናኘ ያስተማሩኝ በጣት ነበር። ከግድግዳው ላይ ያወረዱልኝ አሮጌ የኬይሪን ቴላዮ ነው። ኬይሪን በ1948 ኮኩራ ላይ የተጀመረ የብስክሌት ውድድር ሲሆን፣ ሰው ይወራረድበታል፤ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ደንቡ በፈቀደው ጠቢብ በእጅ የተሠራ የብረት ቴላዮ ይነዳሉ። ቱቦዎቹ በእጅጌ መሰል ማቀፊያ ውስጥ ገብተው በቀለጠ ናስ ይያያዛሉ። አዛውንቱ ጣቴን ይዘው በማቀፊያው ጠርዝ ላይ አስኬዱት። ጠርዙ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ቱቦው ላይ ያልቃል፤ ጥፍሬ የሚያዝበት ስንጥቅም፣ የተከመረ ናስም አልነበረም። ከዚያ ቴላዮውን ገለበጡትና አውራ ጣቴን የፔዳሉ ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ከተቱት። ውስጡ ቀለም አይደርሰውም። የአራቱ ቱቦዎች አፍ ልክ ተቆርጦ ይታያል፤ በዙሪያው ናሱ ሳይቋረጥ እንደ ወርቅ ክር ዞሯል። ከውጭ የተሰጠ ሙቀት ናሱን እስከ ውስጥ ስቦታል ማለት ነው። ውጩ አምሮ ውስጡ ባዶ የሆነ መጋጠሚያ አንድ ቀን ይላቀቃል።

በመጨረሻ ክር አመጡ። ክሩን የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት ከቀኙ ጫፍ አስረው፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙረው፣ ወደ ግራው ጫፍ ወጥረው መለሱት። ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ በሁለቱ ክሮች መካከል ይቆማል። ከቱቦው እስከ ቀኙ ክርና እስከ ግራው ክር ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ፤ እኩል ነበር። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቴላዮው ጠማማ ነው፤ ስሙ የትኛውም ቢሆን እኔ አልገዛውም። ከኬይሪን ለወጣ ቴላዮ የምትቋምጡ ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ የውድድር ሜዳው ፍሬን አያውቅም፣ መንገድ ላይ ግን ከፊትም ከኋላም ፍሬን የሌለው ብስክሌት ሕገ ወጥ ነው።

ከአዛውንቱ ሱቅ ወጥታችሁ ወደ ዳይሰን ሂዱ። 486 ሜትር ርዝመት ያለው የጥንት ንጉሣዊ መቃብር ነው፤ በ2019 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውስጡ አይገባም፤ ዙሪያው ግን 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኦሳካ ጫጫታ በኋላ ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንድ ዙር ሂዱና አዳምጡ። ፔዳል ስታቆሙ የኋላው ጥርስ እኩል፣ ሳይዘልል ይቁጠር። ወርዳችሁ የጎማውን ሽቦዎች እንደ ክራር ክር በጣት ምቱ። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ይስጡ። የኋላውን ጎማ ቀኝና ግራ ግን አታወዳድሩ፤ በጥርሱ በኩል ያሉት ሽቦዎች ይበልጥ ስለሚወጠሩ ድምፃቸው ይቀጥናል። በመሐል አንዱ እንደ ላላ ክር ዱም ካለ ቸርኬው ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢዞር እንኳ በወሩ ይወላገዳል።

ደወልም እዚህ ይሞከር። ክሬን የሚባለው የኦሳካ የናስ ደወል አንዴ ሲመታ ድምፁ እየቀጠነ ረጅም ይሄዳል፤ የቤተ ክርስቲያን ቃጭል ያስታውሰኛል። ርካሹ ቆርቆሮ ካላ ብሎ ወዲያው ይሞታል፤ ጎርባጣ መንገድ ላይ ደግሞ ሳይመቱት ይንኳኳል። የሚገርመው ብስክሌቱ ደወል ሊኖረው ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ እግረኛ ገለል እንዲል ብሎ መደወል በጃፓን ሕግ የተከለከለ ነው፤ የሚደወለው አደጋን ለማስቀረት ወይም ምልክት ባዘዘበት ቦታ ነው። እና ለምን ጥሩውን ትገዛለህ ቢሉኝ፣ በዓመት አንዴ ለሚያስፈልገኝ ቅጽበት እላለሁ።

ስትመለሱ በምዕራብ በኩል የኪዙን ወንዝ ተሻገሩ። እዚያ የሴምቦንማቱ ድልድይ መርከብ እንዲያልፍበት 33 ሜትር ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ በሁለቱም ጫፍ እንደ መነጽር ተጠቅልሎ ይወርዳል። ከሥሩ የከተማው አስተዳደር ጀልባ ይመላለሳል፤ እግረኛውንም ብስክሌቱንም በነፃ ያሻግራል። እንዲህ ያለ መሻገሪያ በከተማዋ ስምንት ቦታ አለ። ብስክሌታችሁን ደግፋችሁ የምትቆሙበት የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዟል፤ ይህ የብሎን ፈተና ነው። ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የሚያብረቀርቅ ፓራፋንጎ ገዝቼ ነበር። ፓራፋንጎው ዛሬም ያብረቀርቃል፤ የያዙት አራት ብሎኖች ግን በአንድ ክረምት ዝገው ጭንቅላታቸው ተፈረፈረ፤ በመጋዝ አስቆረጥኋቸው። ከዚያ ወዲህ ማግኔት እይዛለሁ። የማይዝግ ብረት ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ጨርሶ አይስበውም ወይም በጣም በደካማው ነው የሚስበው፤ ማግኔቱ ጥርቅም አድርጎ የያዘው ብሎን ግን ብዙውን ጊዜ የተቀባ ተራ ብረት ነው።

የቀረው ዕቃ ብዙ ወሬ አይፈልግም። የራስ ቁር ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በዕድሜ ሳይለይ ሁሉም እንዲያደርገው ሕጉ ይመክራል፤ ማሰሪያውን ሳትቋጥሩ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ከተንሸራተተ ልካችሁ አይደለም። የጃፓኖቹ ቅርጽ ክብ ወደ መሆን ያደላልና ራሱ ሞላላ የሆነ ሰው ሳይሞክር አይግዛ። የፊት መብራት የመንገዱን ጉድጓድ ያብራ እንጂ የመጪውን ሰው ዓይን አይውጋ። ወደ ባቡር ለመግባት ብስክሌቱ ተፈታትቶ ወይም ታጥፎ ሙሉ በሙሉ ከረጢት ውስጥ መግባት አለበት፤ መሪው ወይም ጎማው ብቅ ካለ አያስገቧችሁም፤ ስለዚህ ከረጢቱን ከራሳችሁ ብስክሌት ጋር ለክታችሁ ግዙ።

እኔ በመጨረሻ የመረጥሁት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ የብረት ብስክሌት ነው። ቀለሙ በሦስት ቦታ ተልጧል፤ ክሩ ግን ግራና ቀኝ እኩል ነው። እናንተም ሱቅ ስትገቡ ኪሳችሁ ውስጥ ሦስት ሜትር ክር፣ ማስመሪያና ማግኔት ያዙ፤ ብስክሌቱን ገልብጡት፣ ለኩት፣ ሽቦውን ምቱት። ልለካ ስትሉት ፊቱን ያጠቆረባችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።