ኤቮራና የአልሜንድረስ ድንጋዮች

ፖርቱጋል ሄዶ ከሊዝበን ሳይወጣ የሚመለስ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። አገሩን ጠንቅቆ ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር ኤቮራ መዋል ትልቅ ዕድል ነው። በከተማው ያለው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ዓምዶች ግንዳቸው ሻካራ ግራናይት፣ አናታቸው የኤስትሬሞዝ እብነ በረድ ነው። ቤተ መቅደሱ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቄራ ሆኖ ማገልገሉ ከመፍረስ አትርፎታል።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቡሽ ዛፎች መካከል ያለው አልሜንድረስ ነው። 95 ያህል ድንጋዮች ቆመዋል፤ መተከል የጀመሩት ከ7,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ የእንግሊዙን ስቶንሄንጅ ይቀድማሉ። አንዳንዶቹ ላይ የተቀረጹት ክቦች ስለደበዘዙ አስጎብኚው በጣቱ ካላሳየ ዓይን ያልፋቸዋል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን ይጎላሉ። ስለዚህ ስትሄዱ ጠዋቱን ለከተማው፣ ከሰዓት በኋላውን ለድንጋዮቹ ስጡ።