የቢላውን ጉዞ መሳል

በዘንግ ላይ የሚጠመዘዝ ቦይ በኮምፒውተር መሳል የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስላል። ሲሊንደሩ ይወጣል፣ ሄሊክሱ ይሳላል፣ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ተቀምጦ «ስዊፕ ካት» ይባላል። ስክሪኑ ላይ ያማረ ቦይ ይወጣል። ፍሬዛ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ቦይ አይቆርጥም፤ በሌላ መንገድ ቢሠራ እንኳ ውስጡ የሚሄደው ሮለር ይጣበቅበታል።

ክር የሚያጠነጥኑ ማሽኖች ላይ ክሩን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰውን ከበሮ ካም እንውሰድ። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር፣ የቦዩ ጥልቀት 8፣ የሚቆርጠው ቢላ (ኢንድ ሚል) ደግሞ ባለ 10 ሚሊሜትር ይሁን። ቦዩ በአንድ ሙሉ ዙር 40 ሚሊሜትር ወደፊት ይጓዛል። ይህ 40 ከላይም ከታችም አንድ ነው፤ ዙሩ ግን ይለያያል። ላይኛው ፊት ላይ አንድ ዙር 157 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የቦዩ ወለል ላይ 107 ብቻ ነው። በጠመዝማዛ ደረጃ ከውስጥ በኩል የሚወጣ ሰው ከውጭ በኩል ከሚወጣው ይልቅ አቀበቱ እንደሚከብደው ሁሉ፣ የቦዩ ዝንባሌም ላይ 14.3 ዲግሪ ሆኖ ታች 20.5 ይደርሳል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቢላው ክብ ስለሆነ ቦዩ በየትኛውም ጥልቀት ከጉዞው አቅጣጫ በቀጤ ነክ ሲለካ 10 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ሲለካ ግን ላይ 10.3፣ ታች 10.7 ገደማ ይሆናል። እውነተኛው ቦይ ተቆርጦ ቢታይ፣ ዓይን በማይለየው መጠን ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል ማለት ነው። 10.3 ስፋት ያለው አራት ማዕዘን በሄሊክሱ ላይ ከተጎተተ ታች በቀጤ ነክ ሲለካ የሚቀረው ስፋት 9.7 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ባለ 10 ሚሊሜትር ሮለር በሞዴሉ ውስጥ ቆሞ «ኢንተርፌረንስ» ሲጠየቅ፣ ከወለሉ አጠገብ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጭን ቀይ ሽብልቆች ይታያሉ። ስክሪኑ ላይ ሲዞር እንከን ያልነበረው ሞዴል የሚጋለጠው ያኔ ነው።

ስለዚህ እኔ ቅርጹን ትቼ ቢላውን እስላለሁ። ሶሊድዎርክስ ውስጥ ስዊፕ ካት በንድፍ ፈንታ ሶሊድ አካል እንዲጎተት ይፈቅዳል። አካሉ ከዋናው ዘንግ ጋር ያልተዋሃደ፣ ወደ ውስጥ የገባ ስርጉድ የሌለው፣ እንደ ሲሊንደር ያለ ቀላል ቅርጽ መሆን አለበት። የሚሄድበት መስመርም ስብራት ሊኖረው አይገባም፤ መነሻውም አካሉ ላይ ወይም ውስጡ ይሁን። ከሁሉ በላይ የማየው የቢላው ዘንግ ከመነሻ እስከ መድረሻ ወደ ሲሊንደሩ መሃል መጠቆሙን ነው። ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ግድግዳው ሌላ ነው። ሁለቱ የቦዩ ጫፎችም ቢላው እንደሚተዋቸው ክብ ሆነው ይወጣሉ።

ይህን የማይችል ሶፍትዌር ላይ ቢላውን ደጋግሞ አባዝቶ መቀነስ ይቻላል። በየ2 ዲግሪው ሲባዛ በአንድ ዙር 180 ቅጂ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ጥርስ 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፋይሉ ይከብዳል፣ ለማየትም አያምርም፤ ከአራት ማዕዘኑ ግን እጅግ ለእውነት ይቀርባል።

ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚለፋበትን ነገር ባለአራት አክሲስ ማሽን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦ ወደፊት 40 ሚሊሜትር ሂድ፣ እግረ መንገድህን 360 ዲግሪ አዙር። ጥበቡ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ከብራውን ኤንድ ሻርፕ ኩባንያ ባለቤቶች አንዱ የነበረው ጆሴፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1862 ዩኒቨርሳል ፍሬዛ ማሽን ሲሠራ፣ ፍላጎቱ በእጅ በሞረድ ይወጣ የነበረውን የፑንታ ጠመዝማዛ ቦይ በማሽን መቁረጥ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ነው፤ ፑንታዎቹ የጠመንጃ ክፍሎችን ለመብሳት ይፈለጉ ነበር። ብራውን ጠረጴዛውን የሚገፋውን ብሎን ሥራውን ከሚያዞረው ራስ ጋር በማርሽ አገናኘ። ማሽኑ ስለ ቦዩ ቅርጽ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ጉዞና ዙር ብቻ ነው። ሞዴል ስሠራ የምከተለው ይህንኑ ነው።

ለዘይት መተላለፊያ ቦይ ወይም ለካታሎግ ስዕል ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ አራት ማዕዘኑ ይበቃል። የብሎን ጥርስማ ጭራሽ ባይሳል እመርጣለሁ። ሮለር የሚሄድበት ግድግዳ ላይ ግን አልደራደርም። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፦ ባለ 10 ቢላ ከጠፋ በባለ 8 ሁለት ጊዜ አመላልሶ ማስፋት። ላይኛው ስፋት 10 ሊመጣ ይችላል፤ ግድግዳው ግን ባለ 10 ቢላ የሚተወው ዓይነት አይሆንም፣ ምክንያቱም ቢላው ወደ ጎን የተገፋበት ልክ በየጥልቀቱ ከሚያስፈልገው ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ ወደ ወርክሾፕ በምልከው ድሮዊንግ ላይ የቦዩን ስፋት ብቻ ጽፌ አላልፍም። የቢላውን ዲያሜትር፣ ጥልቀቱን፣ በአንድ ዙር የሚሄደውን ርቀትና የቢላው ዘንግ በመሃል መስመር ማለፍ እንዳለበት እጽፋለሁ። መለኪያውም ካሊፐር አይሆንም፤ ልኩ የተረጋገጠ ባለ 10 ሚሊሜትር ፒን እስከ ወለሉ ገብቶ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ሳይያዝ መሄድ አለበት።