ቅርጹ ተሻገረ፣ ሥርዓቱስ? የዐረብኛ ፎንቶች ልወጣ በሙቃበላ ሚዛን

በእጅ ጽሑፍ ዘመን አንድ ኪታብ ተገልብጦ ማለቁ ብቻውን ለመታመን አያበቃውም ነበር። ቅጂው ከተቀዳበት ዋና መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል መነጻጸር ነበረበት፤ ዑለማእ ይህን ሥራ ሙቃበላ ይሉታል። በ643 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብኑ ሶላሕ የሐዲስን የዕውቀት ዘርፎች በተነተኑበት መቅድማቸው ሙቃበላን ከሐዲስ አጻጻፍ ደንቦች መካከል አስፍረውታል። ዛሬ የዐረብኛ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚባዛው በኮምፒዩተር ነው፤ ጽሑፉን የሚሸከመው ፎንትም ከአንድ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ ይለወጣል፣ ይቀነስለታል፣ ይጨመርበታል። መከራከሪያችን አጭር ነው፦ ፎንት መለወጥ መገልበጥ ነው፤ ስለዚህም ያለ ሙቃበላ ሊታመን አይገባም።

ፎንትን እንደ ፊደላት ሥዕል ስብስብ ብቻ ማየት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። በእርግጥ ሥዕሉ ራሱ በልወጣ ይነካል። ትሩታይፕ የፊደሉን ጠርዝ በሁለተኛ ደረጃ ቀመር፣ ፖስትስክሪፕት ደግሞ በሦስተኛ ደረጃ ቀመር በተሠሩ ኩርባዎች ይስላል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ኩርባውን ሳያዛቡ መሻገር ይቻላል፤ የመልሱ ጉዞ ግን በማቀራረብ የሚከናወን ነው። ፊደሉ የሚሳልበት ፍርግርግም በትሩታይፕ አብዛኛውን ጊዜ በ2048፣ በፖስትስክሪፕት በ1000 አሃድ ስለሚከፈል፣ አንዱ በሌላው ልክ ሲመጠን ነጥቦቹ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳሉ። ይህን ዓይነቱን ለውጥ ግን ተራ አንባቢ አይለየውም። ከባዱ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው።

በ1996 ማይክሮሶፍትና አዶቤ ያስተዋወቁት ኦፕንታይፕ ከሥዕሎቹ ጎን የደንብ ሰንጠረዦችን ይይዛል። አንደኛው ሰንጠረዥ የትኛው ቅርጽ በየትኛው እንደሚተካ፣ ሌላው ምልክቶች ከፊደሉ በየት በኩል እንደሚቀመጡ ይደነግጋል። እነዚህ ደንቦች ለላቲን ፊደል ከጌጥ ላያልፉ ይችላሉ፤ ለዐረብኛ ግን የንባብ መሠረት ናቸው። «ዐይን» የተሰኘው ፊደል በቃል መነሻ፣ በመሐል፣ በመድረሻና ለብቻው ሲቆም አራት መልክ አለው። ሰንጠረዦቹን የማያውቅ መለወጫ ሥዕሎቹን ይዞ ደንቦቹን ይጥላል። ያን ጊዜ ፊደላት ሊነጣጠሉ፣ ወይም ከሸዳ በላይ መቀመጥ የሚገባት ፈትሓ ከሸዳው ጋር ልትደራረብ ትችላለች። ሁለተኛው ብልሽት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የተነጣጠለን ቃል ማንም ያየዋል፣ ቦታዋን የሳተች ሐረካ ግን ከአራሚ ዓይን ልታመልጥ ትችላለች። ለድረ ገጽ የተበጀው ዎፍ በመሠረቱ ያንኑ ፎንት አምቆ የሚይዝ ጥቅል በመሆኑ በራሱ ደንብ አያጠፋም፤ አደጋው መጠን ለመቆጠብ ሲባል አብሮ በሚደረገው ቅነሳ ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን ሁለት የታወቁ ሥራዎችን እንመርምር። በ1984 በመዲና የተከፈተው የንጉሥ ፈህድ የቁርኣን ማተሚያ ማዕከል በዑስማን ጣሃ እጅ የተጻፈውን ባለ 604 ገጽ ሙስሐፍ ወደ ኮምፒዩተር ሲያመጣ፣ ካቀረባቸው መፍትሔዎች አንዱ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ፎንት መስጠት ነው። በእነዚህ ፎንቶች አንድ ሙሉ ቃል ከነሐረካቱ አንድ ቅርጽ ነው። የምልክት አቀማመጥ ደንብ ስለማያስፈልገው በልወጣ የሚጠፋ ደንብም የለውም፤ የቁም ጸሐፊው ብዕር ሳይዛነፍ ይተላለፋል። ብልሃቱ የሚደነቅ ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው። ከቅርጹ በስተጀርባ ያለው ቁጥር የቃሉን ፊደላት አይነግረንም፤ የቅርጹ መለያ ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከፎንቱ ሲለይ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል፤ ተመራማሪው በቀጥታ ቃል ሊፈልግበት አይችልም። የአንዱ ገጽ ፎንት በሌላው ገጽ ፎንት ቢተካ ደግሞ በጥራት የተጻፈ፣ ነገር ግን ቦታው ያልሆነ ቃል ይነበባል። ከዚህ የበለጠ የሚያሰጋ የኅትመት ስሕተት ማሰብ ያዳግታል።

ማዕከሉ በዩኒኮድ ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው የሐፍስ ፎንት ይህን ችግር ያቃልላል፤ ሆኖም የራሱ ወጥመድ አለው። የመዲናው ሙስሐፍ ሁለት ዓይነት የተንዊን አጻጻፍ ይለያል፦ በኢዝሃር ጊዜ እኩል የተደራረበ፣ በኢድጋምና በኢኽፋእ ጊዜ የተዛነፈ። ዩኒኮድ ለተዛነፉት ተንዊኖች የራሳቸውን ቁጥር የሰጠው በ2012 በወጣው 6.1 እትሙ ነው። የማዕከሉ አሠራር ግን ለእነርሱ የሌሎች ምልክቶችን ቁጥር ይጠቀማል። በሱረቱል በቀራ ሁለተኛ አንቀጽ «ሁደን» በሚለው ቃል ላይ ያለው ተንዊን «የተገለበጠ ደማ» በተሰኘ ምልክት ቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። በማዕከሉ ፎንት ሲታይ እንከን የለበትም፤ ጽሑፉ ወደ ሌላ ፎንት ሲዛወር ግን አንባቢው በፈትሓ ተንዊን ፋንታ የተገለበጠ ደማ ያያል።

ሁለተኛው ሥራ ኻሊድ ሑስኒ ያዘጋጁት አሚሪ ነው። ይህ ፎንት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የካይሮው ቡላቅ ማተሚያ ቤት ይጠቀምበት የነበረውን የነስኽ ፊደል ያድሳል። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይቀመጣል፤ ውበቱ የሚመነጨው ከደንቦቹ ነው። ስለዚህ ለፍለጋና ለጥቅስ ይመቻል። በአንጻሩ የልወጣ ጉዳት የሚበረታበትም በእርሱ ላይ ነው፤ ሰንጠረዦቹን ያጣ አሚሪ ስሙን እንጂ አሠራሩን አልያዘም። የሚሰራጭበት ነጻ የፎንት ፈቃድ ማሻሻልን ይፈቅዳል፤ የተሻሻለውም በዚያው ፈቃድ እንዲሰራጭ ያዛል።

ይህ ፈቃድ ለሀገራችን የዐጀም ጥናት ልዩ ትርጉም አለው። በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በአርጎብኛና በኦሮምኛ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ሥራዎች፣ «ጨ»ን የመሰሉ ዐረብኛ የሌሉትን ድምፆች ያስተናግዳሉ። አዘጋጁ የጎደለውን ፊደል እንደ ፎንትፎርጅ ባለ መሣሪያ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን አንድ ሥዕል ማከል አይበቃም፤ አራቱ መልኮች፣ የመገጣጠሚያ ደንቦቹና የሐረካት ማረፊያ ነጥቦች አብረው መሠራት አለባቸው። ፊደሉ በዩኒኮድ እያለ ለግል አገልግሎት በተተወው የቁጥር ክልል ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ጽሑፉን ከዚያ ፎንት ጋር ማሰር ነው። የዚህን መዘዝ በራሳችን ፊደል አይተነዋል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት ብዙ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ በተሳሉ ፎንቶች ይጻፍ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ያ ጽሑፍ የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ ተነሥተን ለምርምር ኅትመት የምንመክረው ግልጽ ነው። የሚጠበቀው ዋና ቅጂ በዩኒኮድ የተቀመጠው ጽሑፍ ይሁን፤ የገጽ ፎንቶች ለዕይታ ብቻ ያገልግሉ። ኦፕንታይፕ ፎንት በቀጥታ መጠቀም እስከተቻለ ልወጣ አይደረግ። ግድ ሲሆን ደግሞ በቅድሚያ ሸዳን ከየሐረካው ጋር፣ የተንዊን ዓይነቶችንና የፊደላትን አራት መልኮች የያዘ መፈተኛ ገጽ በአሮጌውና በአዲሱ ፎንት ታትሞ ይነጻጸር። የቁርኣን አንቀጽ ከሆነ ግን ፈተናው ብቻውን አይበቃም፤ ለኅትመት የተዘጋጀው ገጽ ራሱ በሓፊዝ ፊት ከሙስሐፍ ጋር ሐረካ በሐረካ መመሳከር አለበት። መሣሪያው ፋይሉ ያለ እንከን መለወጡን ሊነግረን ይችላል፤ ቃሉ ሳይዛነፍ መድረሱን የማረጋገጥ አማና ግን ዛሬም በአራሚው ትከሻ ላይ ነው።