የተሠራበት ዘመንና የገባበት ዘመን፤ ስለ ጃፓን ሳህኖች ዕድሜ የቀረበ ሂስ

ከውጭ አገር መጥተው በቤታችን ስለሚገኙ አሮጌ ሳህኖች በሚነገረው ሁሉ ውስጥ አንድ የቆየ ስሕተት አለ። ይኸውም ዕቃው መቼ ተሠራ የሚለውና ወደ አገራችን መቼ ገባ የሚለው እንደ አንድ ጥያቄ መቈጠራቸው ነው። ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወርዶ የጥንት ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው፣ በማርትሬዛ ብርና በመስቀል መካከል ሰማያዊ፣ ቀይና የወርቅ ቀለም ያለበት ሳህን ቢያገኝ፣ ከዋጋው አስቀድሞ ‹‹የጎንደር ዘመን ነው›› የሚል ቃል ቢሰማ አይደነቅ። ሻጭ ዕቃውን ማወደሱ የተለመደ ስለ ሆነ በሻጩ ላይ የምንፈርደው ነገር የለም። የምንተቸው ይህ አነጋገር ሳይመረመር ወደ ጥናት ጽሑፍ የሚገባበትን ልማድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። ‹‹ሲኒ›› የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ‹‹የቻይና›› ማለት ነው። ነጭ፣ ስስና ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኸው ሸክላ መጀመሪያ ከቻይና ስለ መጣ በአገሩ ስም ተጠራ። ይህም መሠረት የሌለው አይደለም፤ በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ በተደረገው ቁፋሮ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል። ጃፓን ግን በዚህ ሥራ ዘግይታ የገባች አገር ናት። ከ1592 እስከ 1598 በኮርያ ላይ ባደረገችው ጦርነት ምክንያት ወደ ጃፓን የተወሰዱት ኮርያውያን ሸክላ ሠሪዎች፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኪዩሹ ደሴት፣ በአሪታ፣ ተስማሚውን ድንጋይ አግኝተው ነጩን ሸክላ መሥራት ጀመሩ። እንግዲህ የግራኝ ዘመን የጃፓን ሲኒ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ዕቃው በኢማሪ ወደብ በኩል ስለሚወጣም በውጭ አገር ‹‹ኢማሪ›› የሚል ስም ተሰጠው።

ስለ ጎንደር ዘመን የሚባለው ግን እንዲሁ በጭፍኑ የሚጣል አይደለም። በ1644 የሚንግ መንግሥት ወድቆ ቻይና በጦርነት ስትታመስ፣ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ፊቱን ወደ አሪታ መለሰ፤ ከ1650ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በብዛት ይገዛ ነበር። ዕቃውን ከላከባቸው ገበያዎች አንዱ ሞካ ነው። ሞካን ደግሞ ከአፍሪካ ዳርቻ የሚለያት ቀይ ባሕር ብቻ ነው። በዚያው መቶ ዓመት አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ፣ የኩባንያው የምሥራቅ መቀመጫ እስከ ነበረችው እስከ ባታቪያ ድረስ ደጋግሞ ተጕዟል። ስለዚህ የአሪታ ሳህን ጎንደር መድረሱ የሚቻል ነገር ነው። ነገር ግን መቻልና መሆን ልዩ ልዩ ናቸው። መንገዱ መኖሩ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ሳህን በዚያ መንገድ መምጣቱን አያስረዳም። ቢያንስ የተሠራበትን ዘመን የሚናገረው የሳህኑ አካል ራሱ ነው።

ሳህን የሚመረምር ሰው ፊቱን ከማድነቁ በፊት ጀርባውን ይገልብጥ። በአሪታ የሚሠራው ሰፊ ሳህን በእቶኑ ውስጥ መካከሉ እንዳይሰምጥ በትንንሽ የሸክላ ድጋፎች ላይ ይቀመጥ ነበር። ድጋፎቹ ሲነሡ በእግሩ ቀለበት ውስጥ እንደ ነጥብ ያለ ጠባሳ ይቀራል። ይህ በቻይና ሳህን ላይ እምብዛም አይታይም። ሆኖም ልማዱ ብዙ ዘመን ስለ ቆየ ጠባሳው አገሩን ይጠቁማል እንጂ ዘመኑን ብቻውን አይወስንም። ጠባሳ አለመኖሩም ሳህኑን ወዲያው ቻይናዊ አያደርገውም።

ቀጥሎ ቀለሙ ይታይ። የጥንቱ ሰማያዊ ከተፈጥሮ ኮባልት ስለሚገኝ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ በአንዳንድ ቦታም የጠቈረ ነው። በ1870 ገደማ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጎትፍሪድ ቫግነር ወደ አሪታ ሄዶ በፋብሪካ በተዘጋጀው በአውሮፓ ኮባልት መሥራትን አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ደማቅ፣ አንድ ወጥና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ በዛ።

ከቀለሙ በኋላ አሣሣሉ ነው። በብሩሽ የተሣለ መስመር አንዳንዴ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ይቀጥናል፤ ቀለሙም በመስመሩ መጨረሻ ይጠራቀማል። ቅርጽ ተቈርጦ በወጣለት ወረቀት ቀለም የመምታት ዘዴ ቀድሞ በጥቂቱ የተሞከረ ቢሆንም፣ የተስፋፋው ከ1870ዎቹ ጀምሮ ነው። ከ1880ዎቹ ወዲህ ደግሞ በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጸውን ሥዕል በስስ ወረቀት አትሞ በሸክላው ላይ መለጠፍ ተለመደ። በመጀመሪያው ዘዴ የተሠራ መስመር በትንንሽ ክፍተት ይቈራረጣል። በሁለተኛው ዘዴ ሥዕሉ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ሥዕል በቀጫጭን ጭረት ይሞላል፤ ሁለት ወረቀት በሚገናኝበትም ቦታ ተዛንፎ ይታያል። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ የጃፓን ሳህን ይዞ የፋሲልን ወይም የኢያሱን ስም የሚጠራ ሰው እንግዲህ በሁለት መቶ ዓመት ያህል ተሳስቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በጀርባው ያለው ጽሕፈት ነው። የጃፓን ሠሪዎች ለጥንቱ የቻይና ሥራ ከነበራቸው አክብሮት የተነሣ የቻይናውን ንጉሠ ነገሥት የቼንግኋን ዘመን ስም በሳህናቸው ላይ ይጽፉ ነበር። የቼንግኋ ዘመን ከ1465 እስከ 1487 ነው፤ ይህም የአሪታ እቶን ከመንደዱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ጽሕፈቱን አንብቦ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሳህኑን ያልነበረበት ዘመን ውስጥ ያስገባዋል።

በላቲን ፊደል የተጻፈውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1891 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ የውጭ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላዘዘ ‹‹ኒፖን›› የሚለው ተለመደ፤ በ1921 በእርሱ ፈንታ ‹‹ጃፓን›› እንዲባል ተወሰነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952 ድረስ ‹‹በተያዘችው ጃፓን የተሠራ›› የሚል ጽሑፍ ያለበትም ዕቃ ወጥቷል። እነዚህ ወደ አሜሪካ ለተላከ ዕቃ መልካም ምስክሮች ናቸው። ወደ ዓደንና ወደ ጅቡቲ የሚላከውን ዕቃ ግን የአሜሪካ ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ ‹‹ጽሑፍ ስለሌለበት ከ1891 በፊት የተሠራ ነው›› የሚለው፣ ለአሜሪካ ሰብሳቢ የተሰጠ ምክር፣ ለእኛ አገር መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

ታዲያ ሳህኑ የጎንደር ካልሆነ ዋጋ የለውም ማለት ነውን? እኛ እንዲህ አይመስለንም። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ኢትዮጵያና ጃፓን በ1927 ከዚያም በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው፣ ሲመለሱ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። በእነዚሁ ዓመታት የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የአሜሪካኑን አቡጀዲ ከገበያችን እያስወጣ ነበር። በዚያ ጊዜ የከተማው ዋና ገበያ በአራዳ ነበረ። በእነዚያ ዓመታት አራዳ ላይ የተገዛ ርካሽ የታተመ ሳህን ካለ፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ ምስክር ነው። ‹‹የጎንደር›› ብሎ መጥራት ያከበረው ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሌላውን ታሪክ ሲያለብሰው የራሱን ይነጥቀዋል።

የዚህም ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በእውነት በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሳህን በ20ኛው መቶ ዓመት በስጦታ ወይም በግዢ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል። የሳህኑ አሮጌነት ብቻውን የኢትዮጵያን የጥንት ንግድ አያስረዳም።

በዚህ ረገድ የቤተሰብ ቃል ቦታው የት እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ‹‹አያቴ ከድሬዳዋ ያመጣችው ነው›› የሚል ቃል ሳህኑ መቼ እንደ ተሠራ አይነግረንም፤ መቼና በምን መንገድ እንደ ገባ ግን ብዙ ጊዜ ከእርሱ በቀር ሌላ ምስክር የለም። እግሩ፣ ቀለሙና ኅትመቱ ነገም ይጠብቁናል፤ ቃሉ ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። በ2024 በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ዕቃውን ይዞ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትኗል። ስለዚህ ሳህን የሚመዘግብ ተማሪ ሁለት መስመር ይተው፤ በአንዱ ሸክላው የሚናገረውን፣ በሁለተኛው ባለቤቱ የሚናገሩትን ይጻፍ። አንዱን በሌላው አይሙላ። ሁለተኛውን መስመር ግን ቶሎ ብሎ ይጠይቅ።