አንጥረኛ እጅ የሚገቡ አራት ጠጣሮች

የጠጣር ነገሮችን ጠባይ የሚወስነው ቅንጣቶቻቸው እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው። በሰም ቅርጽ የብር መስቀል የሚሠራ አንጥረኛ አራቱን ዋና ዋና የጠጣር ዓይነቶች በአንድ ሥራ ላይ ያገኛቸዋል።

የመጀመሪያው ሰም ነው። ሞለኪውሎቹ የሚሳሳቡት በደካማ ኃይል ስለሆነ በእጅ ሙቀት ይለዝባል፤ በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማም ይቀልጣል። የመስቀሉ ሐረግ የሚቀረጸው በዚህ ገራም ቁስ ላይ ነው።

ሰሙ በጭቃ ይለበጣል። በጭቃው ውስጥ ሲሊከንና ኦክስጅን በጠንካራ ኮቫለንታዊ ትስስር ተጠላልፈዋል። ስለዚህ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ጭቃው ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል፤ በ962 ዲግሪ ቀልጦ የሚፈስበትን ብርም ይችላል። ይህ ትስስር አቅጣጫው የጸና በመሆኑ ጭቃው ከተተኮሰ በኋላ ሲመታ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። መስቀሉ የሚወጣውም ጭቃው ተሰብሮ ነው።

በብር ውስጥ የውጭ ኤሌክትሮኖች የአንድ አቶም ሳይሆኑ የሁሉም ናቸው። የአቶም ድርብርቦች ትስስሩ ሳይበጠስ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ብር በመዶሻ የሚሳሳው ለዚህ ነው። እነዚያው ኤሌክትሮኖች ሙቀት ስለሚያጓጉዙ አንድ ጫፉ የጋለ የብር ዘንግ በሌላው ጫፍ እጅ ያቃጥላል። ንጹሕ ብር ግን ለጌጥ ከመጠን በላይ ለስላሳ ነው። የኢትዮጵያ አንጥረኞች ያቀልጡት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር 83.3 በመቶው ብር ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። አነስ ያሉት የመዳብ አቶሞች መንሸራተቱን ስለሚያደናቅፉ ጌጡ ይጠነክራል። ተደጋጋሚ ምትም የድርብርቦቹን ሥርዓት እያዛባ ብሩን ያደርቀዋል። ከመሰንጠቁ በፊት ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ቢግል አዳዲስ ክሪስታሎች ይፈጠሩና መልሶ ይለዝባል። ልምድ ያለው እጅ ብሩ መጋል ያለበትን ጊዜ ከመዶሻው አነጣጠር ያውቀዋል።

ለብየዳ የሚነሰነሰው ቦራክስ አዮናዊ ጠጣር ነው። የሚያያይዘው የአዎንታዊና የአሉታዊ ሙል መሳሳብ ነው። እንዲህ ያለ ጠጣር ሲመታ ተመሳሳይ ሙሎች ፊት ለፊት ይገጥሙና ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ይፈረከሳል። የአፋር አሞሌ ጨው በመጥረቢያ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቦራክስ ሲግል በመጀመሪያ ውኃውን እየለቀቀ ይነፋል፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ የመዳቡን ዝገትም አሟሙቶ ለብየዳው መንገድ ይከፍታል።

እንግዲህ የሙያው ብልኃት እያንዳንዱን ቁስ እንደ ትስስሩ መያዝ ነው፦ ሰሙን በጣት፣ ጭቃውን በእሳት፣ ብሩን በምትና በግለት እያፈራረቁ፣ ቦራክሱን በማቅለጥ።