ስለ አገር ዕቃና ስለ ሠሪው እጅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለውን የአባቶች ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ለሌሎችም ብዙ ጊዜ መክሬበታለሁ። ቃሉ እኔን ራሴን እንደሚመለከት የተረዳሁት ግን በሀዲያ አገር፣ በሞርሲቶ ገበያ አንድ ጀበና በገዛሁ ቀን ነው።

ከዚያ ቀን አስቀድሞ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እንደገና አንብቤ ነበር። መጽሐፉ ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ዐሳቡ ግን ዛሬም አላረጀም። ደራሲው እንደሚያስረዳን የሀብት ሥሩ ሥራና ዕውቀት ነው። ጥሬ ዕቃውን እየሰጠ በዕውቀት የተሠራውን ከባዕድ ሲቀበል የሚኖር ሕዝብ፣ ጦር ሳይመዘዝበት በንግድ መንገድ የሌላው አገልጋይ ይሆናል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ስለ ተነካ፣ ከእንግዲህ የአገሬን ሥራ ካገኘሁ የውጭውን አልገዛም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በገበያው ጀበናና ምጣድ ደርድረው ከተቀመጡት መካከል አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ዋጋቸውን ነገሩኝ። እኔም «እማማ፣ ይህ እኮ ጭቃ ነው» እያልሁ ተከራከርሁና ዋጋውን ወደ ግማሽ አወረድሁት። ከዚያ ማዶ ካለው ሱቅ ገብቼ ከቻይና የመጣ ፔርሙስ አየሁ። ዋጋውን ጠየቅሁ፤ የተነገረኝንም አንዲት ቃል ሳልናገር ከፈልሁ። ቃሌ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ስመለስ አሮጊቷ ፔርሙሱን በእጄ አይተው፣ «ልጄ፣ ለዚያኛውስ ስንት ቀነሱልህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጭቃ ነው ያልሁትን ነገር ደግሞ እንመልከተው። አፈሩ ከሩቅ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ይለወሳል፤ ያለ መኪና በእጅ ብቻ ቅርጽ ይይዛል፤ ከደረቀ በኋላ በእሳት ይተኰሳል፤ በዚያም ጊዜ የሚሰነጠቀው የሠሪዋ ኪሳራ ነው። እኔ ዋጋ ያስቀነስሁት ከአፈሩ ላይ አልነበረም፤ ከሴትዮዋ ድካም ላይ ነበር።

እንግዲህ በመጽሐፉ ላይ ያለኝ ነቀፋ ይህ ነው። ነጋድራሱ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ባቡር መንገድ በጥልቅ ያስረዳል፤ ዋናው ምክሩ ግን ለመንግሥት የተነገረ ነው። የእኔ ጥፋት ከዕውቀት ማነስ አልመጣም፤ መጽሐፉን አንብቤ ነበርና። ጥፋቴ ንቀት ነው። ንቀትን ደግሞ ቀረጥ አይከለክለውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው እንዳይሰድቡት በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ገና ከአፋችን አልጠፋም። በሀዲያና በከምባታ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ፉጋ እየተባሉ ከማዕድ፣ ከጋብቻና ከመሬት ርቀው ኖረዋል። ምጣዳቸው ከቤታችን ገብቶ እንጀራና ቆጮ ጋገረልን፤ እነርሱ ግን ከደጅ ቆሙ።

በ1914 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚል ንቅናቄ ሳይሆን ገና መጽሐፉም አልታተመም ነበር፤ ንቅናቄው የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ጥያቄው ያው ነው። ታምርት ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያመርተው እጅ ካልተከበረ ልጁን ለዚያ ሥራ የሚያስተምር ማን ነው? ጋንዲ በ1913 ዓ.ም. በቦምቤ የውጭ ጨርቅ ሲያቃጥል፣ በማቃጠል ብቻ አልቀረም፤ እርሱ ራሱ ተቀምጦ ፈተለ። በዚህም ትልቅ ሰው ድሃው የሚሠራውን ሥራ ቢሠራ እንደማያንስ አሳየ።

አንባቢ ሆይ፣ የውጭ ዕቃ የገዛ ሁሉ በደለኛ ነው ማለቴ አይደለም። በእንስራ ምትክ በጄሪካን ውሃ የምትቀዳውን ሴት የሚነቅፍ ሰው፣ አስቀድሞ እንስራውን አዝሎ ዳገቱን ይውጣ። የአገር ሥራ ነው እያለ ክፉ ዕቃ በውድ ዋጋ የሚሸጥም አገሩን ያሰድባል እንጂ አይጠቅምም። ፍቅር ያለ ጥራት ብዙ ዘመን ገዢ አያቆይም። እኔ የምነቅፈው አማርጦ መግዛት እየቻለ፣ የባዕዱን ዋጋ አሜን ብሎ የሚከፍለውንና በወገኑ ላብ ላይ ብቻ የሚከራከረውን ሰው ነው፤ ይኸውም እኔው ነኝ።

ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣቶች በአስጨናቂ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሰደዱ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድማችን በሰው አገር ሱቅ ቆሞ ያገኘውን ይልክልናል፤ እኛም በዚያ ገንዘብ የሰው አገር ዕቃ እንገዛለን። ገንዘቡ በደጃችን አልፎ ይሄዳል፤ ታናሽ ወንድሙም በቤቱ የሚሠራው ሥራ ስላጣ የታላቁን መንገድ ይከተላል።

ፔርሙሱን አልጣልሁትም፤ መጣሉ ለማንም አይጠቅምምና። ነገር ግን በሌላ የገበያ ቀን ወደ አሮጊቷ ተመልሼ ምጣድ ገዛሁ፤ የጠየቁኝንም ሰጠሁ። «ዛሬስ አትከራከርም?» ብለው ሳቁብኝ። ይህን የምጽፈው በጎ ሥራዬን ለማስቈጠር አይደለም፤ የከፈልሁት አስቀድሞ መክፈል የነበረብኝን ነው። የአገሩን ዕቃ ሊያከብር የሚወድ ሰው ግን ከሠሪው ይጀምር፤ ስሙን በክብር ይጥራው፤ ድካሙንም በሚገባው ዋጋ ይግዛ። እጁን ንቀን ሥራውን ብናወድስ ውዳሴያችን ከንቱ ነው።