ብዕርና መስተዋት፤ ስለ ዴቪድ ሆክኒ የታብሌት ሥዕሎች

በኮሌጃችን ተማሪዎች ዘንድ ስለ ሥነ ጥበብ ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ በታብሌትና በኤሌክትሮኒክ ብዕር ስለሚሠራ ሥዕል ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ይህን የሣለው ማሽኑ እንጂ ሰውየው አይደለም» ብሎ ነገሩን ሳይመረምር ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መሣሪያው አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ሥዕሉም አዲስ የሆነ ይመስለዋል። እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱም የተመለከቱት መሣሪያውን እንጂ ሥዕሉን አይደለም።

ስለዚህ ጉዳዩን በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ የአንድ ሠዓሊ ሥራ ወስዶ መመርመር ይሻላል። የመረጥነው በ1937 በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ የተወለደውን ዴቪድ ሆክኒን ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሆክኒ ወደ መስተዋቱ የዞረው በዘይት ቀለምና በእርሳስ ስሙን ካስጠራ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ዕድሜው ከሰባ ሲያልፍ ነው። መሣል ያቃተው ሰው በማሽን ተደገፈ የሚለው ክስ እንግዲህ በእርሱ ላይ አይሠራም።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። በመስተዋት ላይ በብርሃን የተሣለ ሥዕል ዋናው የሚገኘው በዚያው በሚያበራው መስተዋት ላይ ነው፤ በወረቀት ታትሞ ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል የምናየው ቅጂውን ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ለንደንና ፓሪስ ሄደን ለማየት የማንችል ተማሪዎች ስለ አንድ ታላቅ የአውሮፓ ሠዓሊ፣ ከመጽሐፍ ቅጂ ሳይሆን ከዋናው ሥራ ተነሥተን ለመፍረድ ችለናል ማለት ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እስከ ዛሬ ስለ ሬምብራንትም ሆነ ስለ ሴዛን የምንናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ ገጽ ላይ የተለቀመ ነውና።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። በኤሌክትሮኒክ ብዕር መሣል ብዙዎቻችን እንደምንገምተው የትናንት ነገር አይደለም። በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር የሚያሠምር ፕሮግራም አቀረበ። በሚከተለው ዓመት ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ጎንና ጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሰሌዳ ሠራ፤ ሰሌዳውም የብዕሩን ጫፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ነጥቦች ለይቶ ያውቅ ነበር። በ1981 ኳንቴል የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች «ፔይንትቦክስ» የሚባለውን የሥዕል መሣሪያ አወጣ። ሆክኒ ራሱ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለቢቢሲ ፊልም በዚሁ ሥሎበታል። ስለዚህ በኋላ አይፓድ ሲይዝ እንግዳ አልነበረም።

በባለ ሙያዎች ዘንድ የታወቀው የጃፓኑ የዋኮም ሰሌዳ አሠራሩ ደስ ያሰኛል። በሰሌዳው ሥር የተዘረጉት የሽቦ ጥምጥሞች ደካማ የማግኔት ሞገድ ይለቃሉ፤ በብዕሩ ውስጥ ያለው ጥምጥም ኃይሉን ከዚያው ተቀብሎ መልሶ ያስተጋባል፤ በዚህም ምክንያት ብዕሩ ባትሪ አያሻውም። የእጁ ክብደትም እንዲሁ ይነበባል። በ2017 በወጣው ዓይነት ላይ ይህ ክብደት በ8192 ደረጃዎች ተከፋፍሎ ይለካል። (ይህን ያህል ደረጃ የሚለይ እጅ ያለው ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።) ችግሩ ሌላ ነው። ስክሪን በሌለው ሰሌዳ ላይ እጅ ከጠረጴዛው ይሠራል፣ ዓይን ግን ፊት ለፊት ያለውን ስክሪን ይመለከታል። በብራና ላይ በመቃ ብዕር የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ዓይኑን ከብዕሩ ጫፍ አያነሣም፤ የታብሌት ሠዓሊ ግን እጁን ሳያይ መሣል መልመድ አለበት። ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ የሚቈርጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

በ2010 የወጣው አይፓድ ዓይንንና እጅን መልሶ አገናኘ፤ መስመሩ የሚወጣው ብዕሩ በነካበት ቦታ ነው። ነገር ግን በምትኩ ሌላ ነገር ወሰደ። ያ መስተዋት የት እንደ ተነካ ያውቃል እንጂ ምን ያህል እንደ ተጫኑት አያውቅም ነበር። ክብደት የሚለካው የአፕል ብዕር የመጣው በ2015 ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በዓለም ላይ እጅግ የታወቁት የታብሌት ሥዕሎች የተሠሩት፣ አንድ ተራ የመጽሐፍ ሠዓሊ ከዚያ በፊት ይጠቀምበት ከነበረው ሰሌዳ በስሜት በደኸየ መሣሪያ ነው። «መሣሪያው ነው የሠራው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነበር።

ሆክኒ የጀመረው ግን ከአይፓድም በፊት፣ በእጅ ስልክ ነው። በ2009 በሰሜን እንግሊዝ በብሪድሊንግተን ሳለ፣ ጎሕ ሲቀድ ከአልጋው ሳይነሣ በአይፎኑ ላይ «ብራሽስ» በተባለው ፕሮግራም በጣቱ እየሣለ ለወዳጆቹ ይልክላቸው ነበር። የመስኮት መጋረጃ፣ በብርጭቆ የተቀመጠ አበባ፣ ከጣሪያዎች በላይ የሚቀላ ሰማይ፤ ርእሶቹ ከዚህ አያልፉም። ታላቅነታቸው ምን ላይ ነው? ጎሕን በቀለም ሊሥል የሚነሣ ሠዓሊ በጨለማ ቀለም ለመበጥበጥ መብራት ማብራት አለበት፤ መብራቱን ሲያበራ ደግሞ ጎሑ ይጠፋበታል። ሆክኒ ግን ቀለሙም ብርሃኑም በእጁ ውስጥ ነበሩ። ሊሥለው የፈለገው ነገር ብርሃን ነበር፤ የሚሥልበትም ነገር ብርሃን ነው። ከእነዚህ ትንንሽ ሥዕሎች ውስጥ በሁለት ሦስት መስመር ብቻ የተሠሩ አሉ፤ እኛም ከታብሌት ሥራዎቹ ሁሉ የምናስቀድማቸው እነዚህን ነው። በ2010 በፓሪስ ሲታዩም በወረቀት አልታተሙም፤ ስልኮቹና ታብሌቶቹ ራሳቸው ቀርበው በእነርሱ ላይ ነበር የታዩት። ያን ኤግዚቢሽን ያዘጋጁ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የእኛ ስልክ ቀለም ከእርሱ ስልክ ቀለም ጋር በትክክል አይስማማም፤ አንዱ ይደምቃል፣ አንዱ ይፈዝዛል። እውነት ነው። ነገር ግን አንድ የዘይት ሥዕል በመጽሐፍ ሲታተም የሚጎድልበትን እንቍጠር፤ መጠኑ ይጠፋል፣ የቀለሙ ውፍረት ይጠፋል፣ ከጎን ሲያዩት የሚያብለጨልጨው ገጽ ይጠፋል፣ ከፊቱ ቆሞ ወደ ኋላ የመራቅ ዕድልም የለም። በስልክ ለስልክ የተሣለ ሥዕል ግን መጠኑም፣ ገጹም፣ ከዓይን ያለው ርቀትም አይለወጥም። ከወዳጆቹ አንዱ በዚያ ማለዳ የተቀበለው ሥዕል እኛ ከምናየው የሚለየው በጥቂቱ ነው።

አሁን ወደ ታወቁት ሥራዎች እንምጣ። በ2012 በለንደን በሮያል አካዳሚ በቀረበው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ «የፀደይ መምጣት በዎልድጌት፣ ምሥራቅ ዮርክሻየር፣ በ2011» የተባለው ሥራ ታየ። ይህም 51 የአይፓድ ሥዕሎች በወረቀት ታትመው፣ በ32 ሸራዎች ከተሠራ አንድ ግዙፍ የዘይት ሥዕል ጋር ማለት ነው። እያንዳንዱ የአይፓድ ሥዕል በተሣለበት ቀን ተሰይሟል። አንድ የገጠር መንገድ ቅጠሉ ከረገፈበት ክረምት ተነሥቶ እስከሚለመልም ድረስ ቀን በቀን ይታያል። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው፤ ፀደይ ለሠዓሊ አይቆምለትም፣ የዘይት ቀለም ደግሞ እስኪደርቅ ያስጠብቃል። ታብሌቱ ባይኖር ይህ የቀን መዝገብ በዚህ ፍጥነት ባልተጻፈ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕትመቶቹን ከዘይቱ ሥዕል ጋር ስናነጻጽር ድካማቸው ይታያል። የዚያ ጊዜ አይፓድ መስተዋት ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሕትመቶቹ ግን 1 ሜትር ከ40 ያህል ቁመት አላቸው፤ ሰባት ጊዜ ተስፋፍተዋል ማለት ነው። አንድ መስመር ደግሞ መጠን ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴም ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚሣል መስመር ከእጅ አንጓ ይወጣል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ላይ የሚሣል ከትከሻ ይወጣል። አንጓ ያወጣውን መስመር ወስዶ ትከሻ ባወጣው መጠን ሲያሰፉት፣ መስመሩ ይረዝማል እንጂ አይበረታም። በዎልድጌት ሕትመቶች ላይ የዛፎቹ ግንዶች እንደ ቱቦ ለስልሰው የሚታዩት፣ መንገዱም ክብደት የጎደለው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ 32 ሸራው ሥዕል ግን ቁመቱ 3 ሜትር ከ66፣ ወርዱ 9 ሜትር ከ75 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግንድ በሙሉ ክንድ የተጎተተ ነው፤ በቅጂ እንኳ ይታወቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ ወረቀት አያበራም። ጎሑን ጎሕ ያደረገው ከኋላ የሚመጣው ብርሃን ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲሆን ከፊት በመብራት የሚታይ ቀለም ብቻ ይሆናል። ወቀሳችን እንግዲህ በታብሌቱ ላይ አይደለም፤ ሙዚየሙ የሚሰቀል ነገር ስለሚፈልግ፣ ነጋዴውም በቁጥር የተወሰነ ሕትመት ስለሚሸጥ፣ ሥዕሉ ከቤቱ ወጥቶ ተንከራተተ ነው የምንለው።

ስለ መሰረዝም መናገር ያስፈልጋል፤ ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ከሁሉም የሚያሳስብ ነውና። በታብሌት የተሳሳተ መስመር በአንድ ንክኪ ይጠፋል። በወረቀት ላይ ላጲስ ቢጠቀሙም ጠባሳው ይቀራል፤ የቆዩ ሠዓሊዎችን ንድፍ ስናጠና ብዙ የምንማረውም እጁ የት እንደ ተሳሳተና እንዴት እንደ ታረመ በማየት ነው። ታብሌት ላይ የሚማር ሰው ይህን መምህር ያጣል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን «ብራሽስ» አንድ ሌላ ጠባይ ነበረው፤ ሥዕሉ የተሠራበትን እያንዳንዱን መስመር በቅደም ተከተል መዝግቦ እንደ ፊልም መልሶ ያሳይ ነበር። ሆክኒም እነዚህን ፊልሞች ከሥዕሎቹ ጋር በኤግዚቢሽን አቅርቧቸዋል። በ1956 አንሪ ዦርዥ ክሉዞ ፒካሶ ሲሥል ከወረቀቱ በስተ ኋላ ካሜራ አቁሞ አንድ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ለአንድ ሠዓሊ አንድ ሙሉ የፊልም ጓድ አስፈልጎታል። ዛሬ ማንም ተማሪ ያንኑ በኪሱ ይዞ ይዞራል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሆክኒ ሰማዩን አስቀድሞ እንደሚያለብስ፣ ዛፉን በላዩ አቁሞ እንደገና በሰማይ ቀለም እንደሚከረክመው እናያለን። የአሠራሩን ቅደም ተከተል ያህል ከየትኛውም የለንደን ግድግዳ ይህን ፊልም የሚስተካከል ትምህርት አይገኝም።

በ2020 ሆክኒ በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ሳለ፣ ዓለም በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ወራት፣ እንደገና ስለ ፀደይ ሣለ። በመጋቢት ወር የዳፎዲል አበቦችን ሥዕል «ፀደይን መሰረዝ እንደማይችሉ አስታውሱ» የሚል ርእስ ሰጥቶ ለሕዝብ ለቀቀው፤ ሕዝቡም በያለበት በየስክሪኑ ተመለከተው። በዚያ ወር ሙዚየሞቹ ዝግ ነበሩ፤ ሥዕሉም አላስፈለጉትም። በ2021 ግን 116ቱ ሥዕሎች በሮያል አካዳሚ ታትመው ተሰቀሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አያረኩንም። በፕሮግራሙ ውስጥ ተዘጋጅተው የሚገኙ ብሩሾች አሉ፤ አንዱ ሲነካ አበባ የሚመስል ነጠብጣብ ይረጫል፣ ሌላው ሣር ያበቅላል። ሆክኒ በዚህ ጊዜ እነዚህን አብዝቶ ተጠቅሞባቸዋል። በአንድ የፖም ዛፍ ላይ መቶ አበባ ቢኖር መቶውም አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ዓይን ሁለተኛውን አይቶ ሦስተኛውን ያልፈዋል። «ማሽኑ ነው የሣለው» የሚለው ክስ እውነት የሚሆንበት ቦታ ካለ እዚህ ላይ ነው፤ ይህም ሠዓሊው አበባውን ማየት ትቶ ብሩሹን ማየት በጀመረበት ቅጽበት ነው። በ2009 በጣቱ በሁለት መስመር የሣለው አበባ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

በሐሳባችን ላይ የሚያምፅ አንድ ሥራ ብቻ አለ። ከኖርማንዲው ሥዕሎች ተቀጣጥሎ የተሠራውና በ2021 በፓሪስ በኦራንዥሪ ሙዚየም የታየው «አንድ ዓመት በኖርማንዲ» ርዝመቱ 80 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚያው አገር የሚገኘውን 70 ሜትር ያህል የሚረዝም የባዩ ጥልፍ ተመልክቶ የተሠራ ነው። ይህን በስልክ መስተዋት ማየት አይቻልም፤ በጣት እየጎተቱ ሲያሳልፉት ዓመቱ ይቆራረጣል። ተመልካቹ በእግሩ እየሄደ፣ በረዶውን በስተ ኋላው ትቶ ወደ አበባው፣ ከአበባው ወደ መከሩ መድረስ አለበት። እዚህ ላይ ወረቀቱ የመስተዋቱ ቅጂ ሳይሆን መንገድ ሆኗል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ለመፍረድ ፓሪስ የነበሩት ከእኛ ይሻላሉ።